ከመርዶው የቀደመው ዜና፦ የአቶ ታዴዎስ ዳኘ ዜና ሕይወት

ከአንጋጫ፣ ከዶዮገና፣ ከሾኔና ከዚሁ ከሆሳዕና ሥራችሁን አቋርጣችሁ አቶ ታዴዎስን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር እግራችሁን ይባርከው። ይህን የጻፈችውና የምታነብላችሁ የባለቤታቸው ታናሽ እህት መምህርት ጵርስቅላ ናት፤ ከብዙ ጊዜ በፊት መነገር የነበረበት ነገር በውስጡ ስላለ እስከ መጨረሻው እንድትሰሟት ትለምናችኋለች።

አቶ ታዴዎስ ከአባታቸው ከአቶ ዳኘ ሀብቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ርብቃ አኑሎ በ1964 ዓ.ም. አንጋጫ አጠገብ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ በዱራሜ ተከታተሉ፤ ገና በተማሪነታቸው የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ እያስመሰሉ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን አጥር እንደፈረሰ በእንግሊዝኛ ያነቡ እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው ዛሬም እየሳቁ ያወሳሉ። በሆሳዕና የመምህርነት ሥልጠና ወስደው በዶዮገና እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1991 ዓ.ም. የዚሁ የሆሳዕና ልጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ቤተልሔም ጋር ተጋብተው ማኅሌትንና አዶናይን ወለዱ።

በ1995 ዓ.ም. በአካባቢው የምግብ እጥረት በደረሰ ጊዜ ሁለት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ከምባትኛና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ቢጠይቁ፣ ርእሰ መምህሩ ወደ አቶ ታዴዎስ ክፍል ጠቆሟቸው። ሥራው በዚያ ተጀመረ፤ እየሰፋ ሲሄድም ማስተማሩን ትተው ወደ ሆሳዕና ተዛወሩ። በሙያው ሰዎች ዘንድ ፊክሰር የሚባለው ይህ ሥራ መኪና መፈለግ፣ ከመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ማውጣት፣ የትኛውን ድልድይ ጎርፍ እንደወሰደው ማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንግዳን ወደ ሰው ቤት አስገብቶ የቤቱን ሰው ሳያስቀይሙ ማስወጣት ነው። እንግዳ በሌለበት ጊዜም የመሬት መንሸራተቱን፣ የእንሰቱን በሽታ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱትን ወጣቶች ነገር በስልክ ዜና አድርገው ይልኩ ነበር። ሰላምታ ሳያልቅ ካሜራ ከመኪና እንዲወርድ አይፈቅዱም ነበር። የገጠሩ ሽማግሌዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው፣ «አማቻችን፣ ዛሬ ደግሞ ለየትኛው ፈረንጅ ሚስት ልትጠይቅ መጣህ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

አንደበታቸው ለስላሳ በመሆኑ በሰፈሩ ሰው ሲሞት መርዶ እንዲነግሩ ከሚመረጡት አንዱ ነበሩ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ግን ለዚህ ነገር የጠራቸው ሰው የለም። ምክንያቱን የምታውቁት ይመስላችኋል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው።

በዚያ ዓመት በጥር ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ አቶ ታዴዎስ አንዲት የውጭ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ይዘው ወደ አቶ ጠና ቤት ሄዱ። የአቶ ጠና ልጅ አክሊሉ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ በጭነት መኪና ውስጥ አየር አጥሮት ሞቶ ነበር። አቶ ታዴዎስ የሚችሉት ሀዲይኛ ለገበያ እንጂ ለሐዘን የሚበቃ ስላልነበረ መምህርት ጵርስቅላን አስከተሉ፤ እሷ ወደ አማርኛ ትመልሳለች፣ እርሳቸው ወደ እንግሊዝኛ። አቶ ጠና የአባቷ ዘመድ ናቸውና እሷን አምነው ተናገሩ። እናቱ ገና እንዳልተረዱ፣ መርዶው የሚነገራቸው ቅዳሜ ዘመድ ከሾኔ ሲመጣ እንደሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ይህ ነገር እንዳይወጣ አደራ አሉ። መምህርት ጵርስቅላ አብራ እያለቀሰች የልጁን አሟሟት ተረጎመች፤ አደራውን ግን ዘለለችው። ከመርዶ በፊት እንደማይወራ ያገር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው ብላ፣ መናገር የሚያስፈልገው አልመሰላትም። አቶ ታዴዎስ ደግሞ አባት ይህን ያህል ገልጠው ሲናገሩ እናትም የተረዱ መሰላቸው። ሲመለሱ መናኸሪያው አጠገብ ከመኪና ስትወርድ ነገሩ ትዝ አላት፤ ትርጉም አጎደለች እንዳትባል አፍራ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ዜናው ዓርብ ተላለፈ። የአክሊሉ እናት ወይዘሮ ሊሻን ቅቤ ሸጠው ሲመለሱ፣ በመናኸሪያው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ መጀመሪያ ባለቤታቸው ሲያለቅሱ፣ ቀጥሎም የልጃቸውን ፎቶግራፍ አዩ። ቋንቋውን አያውቁትም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። እዚያው በሩ ላይ ወደቁ፤ ደግፈው ያነሷቸውም ስማቸውን የማያውቁ መንገደኞች ነበሩ።

በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት አቶ ታዴዎስ መምህርት ጵርስቅላን ጠይቀዋት ሁሉንም ነግራቸው ነበር። «እንግዳዋን ያመጣኋት እኔ፣ ቤት ያስገባኋት እኔ። አንቺ ልጆችሽን አስተምሪ» አሏት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተውባት አያውቁም። በሽማግሌዎቹ ፊትም ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። «ከወዲያ የመጣ አማች የእኛ ሐዘን ምኑ ነው፣ ለፈረንጅ ሸጠው እንጂ» ያለም ሰው ነበር። እሷ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ይህን ሰማች፤ አፏንም አልከፈተችም። ስምንት ዓመት ሙሉ አልከፈተችም። እርሳቸው ሥራቸውን ቢቀጥሉም ከዚያ ወዲህ ሐዘን ያለበት ቤት እንግዳ ይዘው አልገቡም።

አቶ ታዴዎስ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም አዲስ አበባ እየተመላለሱ ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መምህርት ጵርስቅላ ወደ አቶ ጠና ቤት ሄዳ አሁን የሰማችሁትን ለሁለቱም ነገረቻቸው። አቶ ጠና ተነሥተው ወጡ። ወይዘሮ ሊሻን ግን፣ ይቅር ማለታቸውንም አለማለታቸውንም ሳይናገሩ፣ «እናቱ አንጋጫ ናቸው አይደል? ማን ያረዳቸዋል?» ብለው ጠየቁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር አንጋጫ ደርሰው፣ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪያልቅ ደጅ ላይ ጠብቀው፣ ወይዘሮ ርብቃን በክንዳቸው አቅፈው ያረዱት እርሳቸው ናቸው። ዛሬም ከእናቲቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

አቶ ታዴዎስ እናታቸውን ወይዘሮ ርብቃን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቤተልሔምን፣ ልጆቻቸውን ማኅሌትንና አዶናይን ትተው ሄደዋል፤ ጥፋቷን የተሸከሙላትን የሚስታቸውን እህትም እንዲሁ። ከእንግዲህ ስለዚያ ዓርብ የምታወሩ ሁሉ ጥፋቱን ከእርሳቸው አውርዳችሁ ለባለጥፋቷ ለእሷ እንድትሰጧት አደራ ትላለች። እኛ ለመርዶ መጥራት የተውናቸውን ሰው ጌታ በስማቸው ጠርቶ ነፍሳቸውን በቤቱ ያሳርፍ፤ የቀረነውንም ያጽናን። አሜን።