ጭላዳውን የሳሙት እማሆይ

ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ትርንጎ ናት። «ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች የሳሉት ሥዕል ደባርቅ አዳራሽ ሊታይ ነው፤ የልጄ የማስረሻም ሥዕል አለበት። ከሳቁበት ሁለተኛ ከቤት አላወጣውም! ነይ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ማስረሻንና ዓይናቸው የደከመውን ጎረቤታችንን እማሆይ ወለቴን ይዘን ሄድን። እማሆይ ጎፈሩ የወረደ፣ ደረቱ የቀላ ትልቅ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲያዩ ጊዜ ጫማቸውን አወለቁ፤ አማትበው «ይኼ ካባ የደረበው የቱ ጻድቅ ይሆን?» ብለው ሳሙት።

ለካ የማስረሻ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው! እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። ከሰው የማይነጋገረው ማስረሻ ብድግ ብሎ «እማሆይ፣ አይሳሙት! ይነክሳል!» አላቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ትርንጎን ሰርቄ ባያት ከሁሉ ቀድማ በሳቅ ሆዷን ይዛለች። እማሆይም «ውይ ልጄ፣ ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ!» አሉት።

እማሆይ ንስሐ ገቡ። ጭላዳው ትርንጎ ቤት ተሰቅሏል። ማስረሻም ከእናቱ ጋር ገበያ ይወጣል።