በእንግሊዝ ብቻ የሚሸጥ ክፍል

አሜሪካ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከአንድ ሽማግሌ ኋላ ነበር የተቀመጥኩት። ሽማግሌው የማያውቋት ወጣት አጠገባቸው ሆና በስልክ አማርኛ ስታወራ ሰሙና፣ እስክትጨርስ ጠብቀው የራሳቸውን ስልክ ዘረጉላት።

«ልጄ፣ እስቲ ይሄን ድራማ ግዢልኝ። ካርዴን እምቢ አለኝ።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ የእንግሊዝ ስቶር ነው። እዚያ ያለ ሰው ብቻ ነው ከፍሎ ዳውንሎድ የሚያደርገው።»

«እዚህ አይሸጥም?»

«አይሸጥም። እንግሊዝ አገር ሰው የለዎትም?»

«ወንዱ ልጄ ለንደን ነበር። እዚህ ድራማ ላይ አለበት።»

«ውይ! አክተር ነው?»

«ኧረ ታክሲ ነጂ ነው። አንድ ቀን ብቻ ቀጥረውት ነው።»

«ታዲያ እሱ ይግዛልዎት።»

«አረፈ እኮ፣ አምና።»

«ውይ አባባ! ነፍስ ይማር።»

«የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ካሜሪካ መውጣት አልቻልኩም። ፊቱን ሳላየው ቀበሩት።»

«ቆይ፣ ለንደን አክስት አለችኝ፤ አሁን ኮል አደርግላታለሁ። የትኛው ክፍል ላይ ነው ያለው?»

«ሦስተኛው ላይ። ሆስፒታል ውስጥ።»

«ሐኪም ሆኖ ነው?»

«ሬሳ ሆኖ ነው። ያኔ ሲነግረኝ ‹ምን ሟርት ነው! እኔ አላይም› ብዬው ነበር።»

ወጣቷ ስልኳ ላይ የአክስቷን ቁጥር መፈለግ ጀመረች።

«አንሶላውን ሲገልጡለት ፊቱ ይታያል ብሎኛል። ልጄ፣ እዚያ ላይ ሲደርስ ምስሉን ማቆም ይቻላል?»

የምወርድበት ፌርማታ ሲያልፍ በመስኮቱ እያየሁት ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።