ድልድይ ሠሪው የወንድሜ ልጅ

የወንድሜ ልጅ ከውጭ አገር በኢንዱስትሪ ምሕንድስና ተመርቆ ጎንደር ገባ። የተማረው የፋብሪካ ሥራ ጉልበትና ጊዜ ሳይባክን እንዴት እንደሚሠራ መሆኑን ሲነግረኝ አፈርሁ። ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለመማር ባሕር መሻገር ምን ይሉታል? እኔ መጽሐፍ አንባቢዋ የመሐንዲስ ሥራ ይጠፋኛል? ስለዚህ ለጎረቤቱ ሁሉ "ድልድይ ይሠራል" እያልሁ አወራሁ።

አንድ ቀን የዱቄት ፋብሪካ ባለቤቱ አያ ደሳለኝ ልጁን ሊቀጥሩት ዳቦ ቤቴ ድረስ መጡ። "ምን ትችላለህ፣ ልጄ?" ሲሉት እኔ ቀደም ብዬ "ድልድይ" አልኋቸው። "ምነው፣ እኔ ወንዝ የለኝ" ብለው ሊሄዱ ባርኔጣቸውን አነሡ። ልጁ ደንግጦ "አያ፣ ይህን የሊጥ ጠረጴዛ ይመልከቱልኝ" አላቸው። "አክስቴ ከዚያ ጥግ እስከ ምድጃው ሠላሳ እርምጃ ትመላለስ ነበር። ትናንት ወደዚህ ሳስጠጋው ሰደበችኝ፤ መንገዱ ግን አራት እርምጃ ሆነ።"

አያ ደሳለኝ ወደ እኔ ዞሩ። "ስንት ዓመት ተመላለስሽ?"

"አሥራ አንድ" አልሁ፤ ዝም ማለት መቼ ፈጠረብኝ።

"የእኔም ጆንያ ተሸካሚዎች እንዲሁ ነው የሚንከራተቱት" አሉና ልጁን "ነገ በጧት ና" አሉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። "አክስትህን ግን ይዘሃት እንዳትመጣ።"