ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

ስለ ውሃ መጥፋት ለቴሌቪዥን ዜና ልሠራ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት ገባሁ። አባወራው አው ረመዳን ግቢው ውስጥ፣ ከባዶዎቹ ጀሪካኖች አጠገብ ሆነው እንዲናገሩ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ቤት ገብተው በሩን ከኋላቸው አድርገው ቆሙ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተቀምጧል። "እሱም ይታይ" አሉት ካሜራማኑን። ብርሃኑ አልተመቸንም፤ እየተነጫነጭኩ አስቀረጽኩ።

ዜናው በተላለፈ በሳምንቱ ደወልኩላቸው።

"አው ረመዳን፣ ውሃው መጣልዎት?"

"ውሃው አልመጣም ልጄ። ሽማግሌ ግን መጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ!"

ያኔ ገባኝ። በሐረሪ ቤት ከበር በላይ ምንጣፍ ተጠቅሎ ከተቀመጠ፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። እኔ የሐረር ልጅ፣ ስለ ብርሃኑ ስጨነቅ ይሄ እንዴት አልታየኝም? ስንት ዓመት ዜና ስሠራ፣ በሳምንቱ ውጤት ሲያመጣልኝ ደግሞ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

"ልጅቷስ ምን አለች?" አልኳቸው።

"እናንተ ትመጣላችሁ ስላት ምንጣፉን አውርዳ ያራገፈችው ማን ሆነና!" ብለው ሳቁ። "በይ፣ አሁን ነይና ስለ ውሃው ዘግቢልን። ሰርግ አለብን።"