የበረዶው ሳፋና የእንግዳው ቢራ

ከራጉኤል ጀርባ ባለችው የጨርቅ ማቅለሚያ ማኅበር ላቦራቶሪ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ወጣቷ ሱሀይር፣ አንጋፋዋ እትዬ ሸዋገነትና ኃላፊያቸው። ለአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅ ታዝዘዋል። ቀዩ አምሮ የሚወጣው የቀለሙ ውህድ ያለበት ጠርሙስ፣ ጨው በተነሰነሰበት የበረዶ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ሲቆይ ነው። ከሞቀ ይበላሻል።

ትናንት ሱሀይር ለስግደት ስትወጣ ሳፋውን ለኃላፊው አደራ ብላ ነበር። ስትመለስ ውህዱ ሞቋል፤ የተነከረበትም ጨርቅ ጭቃ መስሎ ወጣ። ኃላፊው ለማኅበሩ ሊቀመንበር «ልጅቷ ጥላው ሄዳ ነው» አለ። በዚያ ዘመን የአብዮት በዓል ቀይ ማበላሸት አሻጥር ነው፤ አሻጥረኛ የተባለ ደግሞ ወደ ቤቱ አይሄድም። ከሰዓት በስብሰባ መልስ እንድትሰጥ ተጠራች።

ጠዋት ዓይኗ አብጦ ስትገባ እትዬ ሸዋገነት ዕቃ እያጠቡ ነው። ኃላፊው ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ጋ የተበላሸውን ጨርቅ ያገላብጣል።

«መጣሽ ሱሂ?» አሉ እትዬ ሸዋገነት። «ዝናቡ መታሽ አይደል? የዘንድሮ ነሐሴ እኮ... አትክልት ተራ ጎመኑ ራሱ ዋኝቶ ነው አሉ የሚገባው። ቁርስ ቀምሰሻል? ብርዱስ? እዚህስ ብርድ የለም። ትናንት ከሳፋው ወጥቶልናል...»

ሱሀይር አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበር፤ መልስ የሚጠብቁም አይመስሉም።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? እንግዳ ተቀባይ ነው ስልሽ። በዚህ ዝናብ፣ ካልቀዘቀዘ ቢራ አልጠጣም የሚል እንግዳ መጣበት። ደግ ሰው ምን ያደርጋል? ጠርሙሳችንን ከሳፋው አንስቶ ጠረጴዛ ላይ፣ ቢራውን ሳፋው ውስጥ... በየተራ ነዋ። እኩልነት እያልን አይደል በየሳምንቱ የምንሰበሰበው? የራሱንማ ማንም ይሰጣል። የሰው አደራ አንስቶ መስጠት ግን ልብ ይጠይቃል።»

የኃላፊው እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። ሱሀይር አሁን ገና ገባት። ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሳቅ ሆኖ መጣባትና የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

«ዛሬ ሳፋውን ስደፋ ቴርሞሜትሩ ከጠርሙስ የተላጠ የቢራ ወረቀት ለብሶ አገኘሁት። በርዶት ይሆናል፣ ደርቦ ነው። ያ ሰው ግን ሲፈጥረው አይሞቀው አይበርደው። ላቦራቶሪ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው አይደል? እኛ በበረዶ እንለፋለን እንጂ፣ ጠርሙሱን እቅፉ ውስጥ ብናስቀምጠው ዓመቱን ሙሉ ባልሞቀ... ንግግሩስ? አንዲት ልጅ ላይ ሲያሳብብ እንኳ ድምፁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ። እሱ ግን ለእናት ያዝናል፤ ወደ ልጅት ነው የሚለክከው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። በረዶ ሲናድስ ሱሂ? ብልህ ይጠጣል፣ ሞኝ ትከሰሳለች...»

ሱሀይር እንባዋ እስኪወርድ በአፍንጫዋ ሳቀች። ሆዷ እስኪያማት ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። ሞት የሚያህል ነገር እየጠበቃት ለምን እንደምትስቅ ራሷም አላወቀችም።

ከሰዓት በስብሰባው ላይ ኃላፊው ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። «ጠርሙሱን ከበረዶው ያወጣሁት እኔ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ። ራሱ ስላመነ ከኃላፊነቱ በመነሣት ብቻ ታለፈ፤ ሱሀይር ግን ምንም ሳትጠየቅ ወጣች። ጨርቁም እንደገና ተነክሮ ለበዓሉ ደረሰ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ሰውየውን ምን ነካው ሲል ሰነበተ።

የነካውን ሱሀይር ታውቃለች። ያን ጠዋት ጨርቁን ጥሎ ሊወጣ የበሩን እጀታ ሲይዝ፣ እትዬ ሸዋገነት እጃቸውን በሽርጣቸው አደራርቀው ወደ ሰማይ ዘርግተው ነበር። ድምፃቸው እንደ ማር ለስልሶ ነበር።

«ብቻ እግዜር ይባርከው። ሴት ልጁ ታጭታለች አሉኝ፣ ደስ ሲል። እንግዲህ ፈጣሪ ለዚያች ልጅ ቁርጥ አባቷን የመሰለ ባል ይስጣት... እድሜ ልኳንም በእሱ እጅ ያኑራት።»