የሐጂ ኮትና የዘይቱኑ ጦጣዎች

በእኛ ጊዜ አውሬ በስልክ አይመጣም ነበር፣ በአጥር ነበር የሚመጣው። ይኸው ነጃት፣ የልጄ ልጅ፣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እማ ይዩ፣ ይሄ አውስትራሊያ ነው፣ ካንጋሮ የሰው ጓሮ ገብቶ ሣር ሲበላ፤ ይሄ ህንድ ነው፣ ዝሆን ሙዝ ሲነቅል፤ ይሄ ደግሞ እንግሊዝ፣ ቀበሮ ደጃፍ ላይ ተኝታ» ትለኛለች። ሱብሃነላህ፣ አየሁ፣ አምሮባቸዋል። ግን ልጄ፣ ይሄ ምኑ ይገርማል? እኛ ጀጎል ውስጥ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ በቀዳዳው ሲወጣ ማን ፎቶ አነሳው? መንገደኛ ነው፣ መንገዱን ይሄዳል። ስልኩን አስቀምጪውና የኛን ጦጣዎች ላጫውትሽ፤ ሩቅ አይደለም፣ ካቻምና የሆነ ነው፣ አንቺ ድሬዳዋ ትምህርት ላይ ነበርሽ።

ይህን ቤት ታውቂዋለሽ፣ ኤረር በር አጠገብ፣ ጓሮው ከግንቡ ጋር የተጣበቀ፣ እና ዘይቱኑ ግንቡ ሥር ነው ያለው። አያትሽ ሐጂ፣ አላህ ይርሐማቸው፣ አባትሽን ጀማልን በወለድኩ ሰሞን ነው በእጃቸው የተከሉት። ፍሬው ሲበስል ሽታው መንገደኛ ያቆማል። ታዲያ ዘይቱን ካለ ጦጣ አለ። ጧት ጧት ግንቡ ላይ ይደረደራሉ፣ እና ሐጂ ከሱብሂ ሰላት መልስ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ በትራቸውን ይዘው ጓሮ ይወጡና «ሂዱ እናንተ ሌቦች! ሂዱ የሌባ ልጆች!» እኔ ማጀት ሆኜ እሰማለሁ። ሲገቡ «ሄዱ?» እላለሁ፣ «ሄዱ፣ ግን አያፍሩም፣ ነገም ይመጣሉ» ይሉኛል፣ ፊታቸውን ቋጥረው። ስንት ዓመት እንዲህ ነው። እኔም ለጎረቤቱ «የኔ ሐጂ ባይኖሩ አንዲት ዘይቱን አንቀምስም» እያልኩ እኮራ ነበር።

ታዲያ ሐጂ ሞቱ። የባል ሐዘኔን፣ ዒዳዬን፣ ቤቴ ተቀመጥኩ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ እና ጦጣዎቹ ባለጌ ሆኑ። ግንቡ ላይ መቀመጥ ቀረ፤ ጓሮ ወረዱ፣ ከጓሮ በረንዳ፣ ከበረንዳ ማጀት። ዱቄቱን ገለበጡት። አንዷ፣ ጆሮዋ የተቀደደው አሮጊቷ፣ ሐጂ የሚቀመጡበት መደብ ላይ ወጥታ ትራሱን ስታገላብጥ አገኘኋት። «ሂጂ» አልኳት፣ እጄን አወናጨፍኩ፣ ከቁብም አልቆጠረችኝ።

አባትሽ ሲሰማ ነደደ። «እማ፣ ነገ ደግሞ ሰው ይነክሳሉ። ዛፉ ነው የሚጠራቸው፣ ዛፉ ይቆረጣል» አለ። «አባትህ የተከሉት እኮ ነው» ስለው፣ «አባባ የሉም፣ እርስዎ ደግሞ ብቻዎን ነዎት» አለኝ። እሁድ ባለ መጥረቢያ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ወላሂ ነጃት፣ ሐጂን ቀብሬ ዛፋቸውን ደግሞ ልቅበር?

ወንድሜ አብዲ ሶፊ በሚባለው ገጠር ገበሬ ነው፣ ማሽላ ሲጠብቅ ያረጀ፣ ዕድሜውን ሁሉ ከጦጣ ጋር የተጣላ። ዒዳዬን ጨርሼ ነበርና ሄጄ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አቦ አንቺ ደግሞ፣ ጦጣ ሴት ትፈራለች እንዴ? እኛ ዘንድ ሴቶቹ ማሳ ሲጠብቁ የባላቸውን ልብስ ነው የሚለብሱት። የሐጂን ኮት አጥልቂ፣ ኮፍያቸውን አድርጊ፣ በትሩን ያዢና ጩኺባቸው። ወንድ ያየች ጦጣ ድሬ ጠያራ ሳትደርስ አትቆምም» አለኝ።

እሁድ ጧት ሳጥኑን ከፈትኩ። ኮቱን ከሞቱ ወዲህ አልነካሁትም። «ያ ረቢ፣ ሴት የወንድ ልብስ መልበሷ ነውር ነው፣ ግን ለዛፉ ብዬ ነውና አንተ ታውቃለህ» አልኩና አጠለቅሁት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። ሽርጡን አገለደምኩ፣ ኮፍያውን ደፋሁ፣ በትሩን ይዤ ዘይቱኑ ሥር ቆምኩ፣ እና ድምፄን እንደሳቸው አወፍሬ «ሂዱ እናንተ ሌቦች!» አልኩ።

ሄዱ? አልሄዱም። መጡ። ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ከግንቡ ዘለው፣ ዘመድ ከሩቅ አገር የመጣላቸው ይመስል ሮጠው መጡ። እኔ ከፍርሃቴ መሸሽ እንኳ አቃተኝ። ጆሮዋ የተቀደደው እግሬ ሥር ቁጭ አለች፣ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ፣ ቆየት ብላ አየችኝ፣ ከዚያ የኮቱን ጫፍ ሳብ አድርጋ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች፣ ምንም ሳታፍር። ፈልጋ ፈልጋ ሁለት ፍሬ ለውዝ አወጣች፣ ፈልፍላ በላች፣ እና መልሳ እጇን ዘረጋችልኝ።

ለውዝ ነጃት፣ ለውዝ። አያትሽ በየቀኑ ከኤረር በር ላይ ለውዝ ይገዙ ነበር፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ እና ሰውዬው ጥርስ የላቸውም እኮ። ሦስት ናት የቀረቻቸው። እኔ ገንፎ እያገነፋሁ፣ ሥጋውን እያደቀቅሁ እያበላኋቸው፣ አርባ ዓመት አብሬ ኖሬ፣ ይሄን ለውዝ ማን ይበላዋል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ያ ሁሉ ጩኸት ለኔ ነበር፤ ለነሱማ ቁርስ ደረሰ ማለት ነው። እና ቤት የገቡትም ለሌብነት አልነበረም፣ ሰውዬው ቀሩባቸው፣ ፈልገዋቸው ነው የገቡት። እኔ ዒዳ ተቀምጬ እነሱም እንደኔው በር በሩን ሲያዩ ከርመዋል። ሳቄ መጣ፣ ልቅሶዬም መጣ፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ቀና ስል አባትሽ ከባለ መጥረቢያው ጋር ቆሟል። የአባቱን ኮት ሲያይ «አባ…» ብሎ አቋረጠው። የጦጣዋን እጅ አየ፣ ኪሱን አየ፣ የለውዙን ቅርፊት መሬት ላይ አየ። ከዚያ ሰውየውን «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩህ» አለው። ለኔ ግን፣ እልኸኛ ነውና፣ «ዛፉ ይቆይ፣ ጦጣ ግን አልወድም፣ ጁምዓ ጁምዓ እየመጣሁ አባርራለሁ» አለኝ።

አልሃምዱሊላህ፣ ዘይቱኑ ይኸው። የታችኛው ቅርንጫፍ የኛ፣ የላይኛው የነሱ። እኔም ጧት ጧት ኮቱን ደርቤ ለውዛቸውን ግንቡ ላይ አኖርላቸዋለሁ፣ ማጀት ድርሽ አይሉም። አባትሽም ቃሉን አክባሪ ነው፣ ጁምዓ ጁምዓ ጓሮ ይገባና «ሂዱ እናንተ ሌቦች!» ይላል፣ ድምፁ ቁርጥ የአባቱ።

«እማ» አለች ነጃት፣ «አባዬ ለውዝ ሆዴን ይነፋኛል ብሎ አይነካም እኮ። ታዲያ ጁምዓ ማታ ልብሱን ሳጥብ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ለውዝ የማገኘው ለምንድን ነው?»

ሂ ሂ ሂ። ዝም በይ ልጄ። እኔ አርባ ዓመት አላወቅሁም፣ አንቺም አላወቅሽም።