ትርፍ የጠፋበት ሠርግ

ከለቡ ወደ ሀና ማርያም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ሠርግ አጠገባቸው ላለች ለማያውቋት ወጣት ያወራሉ።

«ትርፍ ምግብ የሚሰበስቡትን በጎ ፈቃደኞች ጠራኋቸው። ድሮ ጥቂት ልጆች ነበሩ፤ አሁን ሰፈሩ በሙሉ ገብቶበታል።»

«ጥሩ ነዋ እትዬ!»

«ጥሩ ነው። ግን እንግዳው ሳይበላ መጥተው ‹የተረፈ አለ?› አሉኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«‹ኧረ ገና ሙሽሮቹም አልገቡ!› አልኩ። ‹ችግር የለም፣ እንጠብቃለን› ብለው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እንግዳው ሲያያቸው አፍሮ ቀመስ ቀመስ እያደረገ ተነሣ። የተረፈውን ሁሉ ጭነው ሄዱ።»

«እሰይ! ለተቸገረ ደረሰ።»

«አመሻሽ ላይ እኔና ባለቤቴ የምንቀምሰው አጣን። ጎረቤት ሰምታ ደወለችላቸው።»

«ለማን?»

«ለነሱ ነዋ! ‹ለተቸገረ ቤተሰብ› ብለው ምግብ አመጡልን። የራሴ ቀይ ወጥ!»

«በስመአብ! ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ መርቄ ተቀበልኩ።»

ወጣቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እትዬ፣ እኔም ሰሞኑን ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ገብቼበታለሁ፤ ከቀይ ወጡ የተረፈ ይኖራል?»

ጭኔ ላይ የነበረውን ምሳ ዕቃ ቀስ ብዬ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት።